የአያ ሞላ ስምንት ደቂቃ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ስሄድ ለእንግዳ የሚሸጡ ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ተደርድረው አየሁና አንዷን አነሣሁ፤ ገና እጄ ላይ ስታርፍ ከክብደቷ እንዳልደረቀች አወቅሁ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ያ የጭቃና የታጨደ ሣር ሽታ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከቀሚሴ አልለቅ ብሎ እናቴን ያማረራት ሽታ፣ ባለሁበት አቆመኝ። ይህቺ እኮ ገና እርጥብ ናት ስለው ሻጩ ወጣት ሳቀና፣ «ማዘር፣ እስኪደርቅ ማን ይጠብቃል? እንግዳው ነገ ይበራል» አለኝ። ልቆጣው ቃጣኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው የምቆጣው? አንድ ሽማግሌ እዚሁ ከተማ፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ቀን ተኩል ቁጭ ብለው እንደጠበቁኝና እኔ እንዳልመጣሁላቸው ከሰማሁ ገና ሦስት ቀኔ ነበር።

ሽማግሌው አያ ሞላ ናቸው። አባቴ ከደሴ መጥቶ ፋብሪካ የተቀጠረ ሠራተኛ ስለነበር ባሕር ዳር ውስጥ ዘመድ የሚባል አልነበረንም፤ በዓል ሲመጣ የምንጠራቸውም፣ ስናጠፋ ከኋላቸው የምንሸሸገውም አያ ሞላ ነበሩ። እሳቸውም ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ የመጡ ናቸው፤ ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ከነበረው ዋርካ ሥር የደንገል ታንኳ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ እጆቻቸው ከመላ አካላቸው የሚከብዱ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ደንገሉን፣ ያንን ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረዥም ቄጠማ፣ አጭደው ያመጡና ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ጠዋት በአንድ ጎኑ፣ ከሰዓት በሌላ ጎኑ ያገላብጡታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ሥራ መጠበቅ ነው። ሌላው ሰው ሲጠብቅ ይቁነጠነጣል፣ ሰማይ ያያል፤ እሳቸው ግን ጠላ እንደሚጠጣ ሰው ተደላድለው ነበር የሚጠብቁት።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የራሴ ታንኳ ይሠራልኝ ብዬ አለቀስሁ። አያ ሞላ አንድ እቅፍ ደንገል ሰጡኝና አድርቀሽ አምጪው አሉኝ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አገላብጣለሁ፣ ስመለስ አገላብጣለሁ፣ በመካከሉ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በሐሳቤ አገላብጣለሁ። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። እሳቸው ገበያ ሲሄዱ ጠብቄ፣ ያንን እርጥብ ደንገል በእናቴ የልብስ መስቀያ ገመድ ጠፍሬ አሰርሁና ውኃ ላይ አኖርሁት። መንገደኛ የሌለው ታንኳ ምን ታንኳ ነው ብዬም ያለችንን አንዲት ዶሮ አሳፈርሁባት። ታንኳዋ ጥቂት ሄደችና በዝግታ፣ ምንም ሳትቸኩል ሰመጠች። ዶሮዋን አንድ ዓሣ አጥማጅ አወጣልን፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ እንቁላል አልጣለችም፤ እናቴም ይህን ነገር ለአንድም እንግዳ ሳትነግር አላለፈች።

አያ ሞላ አልተቆጡም። እስኪያስላቸው ሳቁና ሌላ እቅፍ ደንገል ሰጡኝ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። በዚህኛው ግን ጠበቅሁ። ስንት ቀን እንደፈጀ አላስታውስም፤ ደንገሉ ቀለለና ስነካው መንኮሻኮሽ ሲጀምር ግን ደስታዬ የፋሲካ ያህል እንደነበር አስታውሳለሁ። ታንኳዋን አብረን አሰርናት፤ ተንሳፈፈችም። አያ ሞላ ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ፣ ይህቺ ልጅ ደንገል አድርቃ ታንኳ አሰረች ይሉ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ እንደዚያ ያኮራኝ ግን የለም።

አንድ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ፤ የጥፋቴ ሥር ያለው እዚህ ነው። አያ ሞላ ቤታችን ሲመጡ ጉዳያቸውን ቶሎ አይናገሩም። ደኅንነታችንን ይጠይቃሉ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ እያንዳንዳችንን በየስማችን፣ የፋብሪካውን ሥራ፣ ደሴ ያሉትን በዐይናቸው አይተዋቸው የማያውቋቸውን አያቶቻችንን፣ በመጨረሻም ከብቱን። ከብት የለንም። ያለችን ያቺው ከመስመጥ የተረፈች ዶሮ ናት። አባቴ ግን ከልቡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው፣ ይላል። ከዚያ ይጨዋወታሉ፤ ከዚያ ዝም ይባባላሉ፤ ከዚያ አያ ሞላ ይነሣሉ። አባቴ እስከ አጥሩ በር ሊሸኛቸው ይወጣል፤ እሳቸውም እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈው «እንዲያው እንግዲህ…» ሲሉ፣ የመጡበት ጉዳይ የዚያን ጊዜ ይወጣል። አንድ ቀን በታንኳቸው ጉማሬ ወዳለበት ጥልቁ ድረስ ቀዝፌ ስመለስ አይተውኝ ኖሯል፤ ያን ማታ ቤታችን መጥተው ሲጨዋወቱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሳዳምጥ አመሸሁ። ሳይናገሩ ሲነሡ ተረፍሁ ብዬ ተነፈስሁ። በሩ ላይ ግን «እንዲያው እንግዲህ…» ብለው ሁሉን ለአባቴ ነገሩት። ከዚያ በኋላ አባቴ፣ አያ ሞላን ሳትሸኚ እንዳትቀሪ፣ ቁም ነገራቸው ያለው በሩ ላይ ነው፣ ብሎ መክሮኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ዋርካው የነበረበት ቦታ ታጠረ፤ አያ ሞላ ወደ ደልጊ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ተመለሱ። እኔ ባሕር ዳር ቀርቼ የቢሮ ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆንሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ስመኝ ስልክ ስላላት፣ አያ ሞላ በእሷ ስልክ የድምፅ መልእክት ይልኩልኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ። ቆይቶ መልእክቱ ረዘመብኝ፤ ስድስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ስልኩ የሰውን ድምፅ በእጥፍ ፍጥነት የሚያሰማበት መላ እንዳለው ልጄ አሳየችኝ። ያ የረጋ ድምፅ እንደ ጫጩት ሲንጫጫ ልጆቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የስምንት ደቂቃ መልእክት መጣ። ቢሮ ሆኜ፣ በስልክ ያዘዝሁት ምሳ ስለዘገየ በሞተር የሚያደርሰውን ልጅ እየወቀስሁ ነበር። የአያ ሞላን መልእክት በእጥፍ ፍጥነት ከፈትሁት፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጆቹ፣ ባልሽ፣ ሥራሽ፣ ከብቱ… ከብቱ ላይ ሲደርሱ አቋረጥሁት። ሰላምታ ብቻ ነው አልሁ። ከፍ ያለ አውራ ጣት ሥዕል ላክሁላቸውና ምሳዬን በላሁ።

ስመኝ ታንኳዋን ከገዛሁበት ቅዳሜ በፊት በነበረው ረቡዕ ደወለች። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ አባባ አሁን ማየት ስላቃታቸው ጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን የማትፈልጊው ሬዲዮ ይኖርሽ እንደሆነ ብላ ነው፤ እሱንም የጠየቀችው ካመነታች በኋላ ነው። ማየት አቃታቸው ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ስጮህ፣ ልጅቱ እኔ የማውቅ መስሏት ኖሮ ተደናገጠች። ከዚያ ነገረችኝ። የዐይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ባሕር ዳር መጥተው ነበር። አያ ሞላ ወደቡ ላይ እንድቀበላቸው ላኩብኝ፤ እኔም አውራ ጣቴን አንሥቼ እሺ አልሁ። በጀልባ መጡ፣ ወደቡ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የወደቡ ጥበቃ ሐኪሞቹ ዘንድ በባጃጅ ላድርስዎት ቢላቸው፣ ልጄ እሺ ብላለች፣ ከዚህ ብንቀሳቀስ ታጣኛለች፣ አሉት። እዚያው በጥበቃው ጎጆ አደሩ። በማግሥቱም እስከ እኩለ ቀን ጠበቁ፤ የሐኪሞቹ ሰዓት አለፈ፣ በመጡበት ጀልባ ተመለሱ። ደልጊም ሲገቡ ልጄ ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብቻ ነበር ያሉት። ቆይተው ጎንደር ቢወስዷቸው ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ። ወደቡ ከቢሮዬ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

ቅዳሜ ጠዋት ያቺን እርጥብ ታንኳ ገዝቼ፣ እሳቸው ሳይቀመጡበት አልቀሩም ብዬ ካሰብሁት ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና መልእክቱን በራሱ ፍጥነት ከፈትሁት። ሁላችንንም አንድ በአንድ ጠየቁ። የሞተውን አባቴን ነፍስ ይማር አሉ። ከብቱን ጠየቁ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ከኋላ ፍየል ትጮኻለች። አሁን በሩ ጋ ደረሱ ብዬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«እንዲያው እንግዲህ… ልጄ፣ ዐይኔን የሚያዩ ሐኪሞች እናንተ ዘንድ መጥተዋል አሉ። ማክሰኞ በጀልባው እመጣለሁ። ከተማው ተለውጦብኛል፣ ብቻዬን አልችለውም፤ ወደቡ ላይ ብትቀበይኝ ብዬ ነው።»

አልቆ ነበር። ስመኝ ግን ቶሎ ሳትዘጋው ቀርታ የሁለቱ ንግግር ተከትሎ ገብቷል። «አባባ፣ በጣም ረዘመ እኮ። ሰው እንዲህ ያለ አይሰማም፤ አሳጥረን እንደገና እንላከው» ትላቸዋለች።

«ተይው» ይላሉ አያ ሞላ። «እሷ እስኪያልቅ ትሰማለች። ደንገል አድርቃ ታንኳ ያሰረች ልጅ ናት።»

ፀሐዩ እስኪበረታ እዚያው ቆየሁ። ከዚያ ልመልስላቸው የድምፅ መቅጃውን ተጫንሁ። እንዴት ሰነበቱ አያ ሞላ አልሁ፤ ልጅዎን ጠየቅሁ፣ ስመኝን ጠየቅሁ፣ ዝናቡን፣ እህሉን፣ ከብቱን ጠየቅሁ። ከዚያ «እንዲያው እንግዲህ…» አልሁና ቀጣዩን ቃል ጠበቅሁ። አልመጣልኝም። አጥፍቼ እንደገና ጀመርሁ፤ አሁንም ከብቱ ድረስ ደርሼ በሩ ላይ ቆምሁ። ይኸው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ እርጥቧ ታንኳ መስኮቴ ላይ ተሰጥታለች፣ ጠዋትና ማታ አገላብጣታለሁ፣ መልእክቱን ግን እስካሁን አልላክሁም።