ጓንት ያጠለቀው ሰው

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው መብራት በጠፋ ቁጥር ነበር። አያቴ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነበራቸው። መብራት ሲሄድ ባንድሶው፣ ያ በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ጥርሳም መጋዝ፣ እያቃሰተ ይቆማል፤ ያኔ አያቴ ኩራዝ ለኩሰው፣ የባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ያነዳሉ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸውም ከሠራተኞቹ ጋር እሳቱን ከበን እንቀመጣለን። ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ የሰጋቱራው ብናኝ በኩራዙ ብርሃን ውስጥ ገና ሳይረጋ ተረቱ ይጀመራል።

በአያቴ ተረት ውስጥ የሚተርፍ ብዙም አልነበረም። ጅቡ አህያዋን ይበላል፣ ዝንጀሮዋ ልጇን ገደል ትጥላለች። እኛ ደጋግመን የምናስወራቸው ግን ጓንት ያጠለቀውን ሰው ነበር። ጌታው «መጋዝ ፊት ጓንት አይጠለቅም፤ ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጅህን ጎትቶ ያስገባዋል» ቢለው አልሰማም። «የመጋዙን መከለያ እንጨቱ ድረስ አውርደው፣ የእንጨቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ በጣትህ ሳይሆን በዱላ ግፋው» ቢለውም አልሰማም። ከዚያ አያቴ መጋዝ ጣት ሲቆርጥ የሚያሰማውን ድምፅ በአፋቸው ያወጣሉ፤ እኛም እንስቃለን። ሳቃችን ሲበርድ ወደ በሩ ዞረው፣ «እስቲ አሳያቸው» ይላሉ።

በሩ አጠገብ የሚቀመጠው አያ መኮንን ነው። ቀድሞ ባንድሶው ላይ ይሠራ ነበር፤ እኛ ስናውቀው ግን ሰጋቱራ ጠራጊ ሆኗል። ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ወደ እሳቱ ይዘረጋል፤ ከአውራ ጣቱና ከትንሿ ጣቱ በቀር ሌላው የለም። ታናሽ ወንድሜ ጉማጁን ይነካካል። አያ መኮንን ፍሙን እንጂ እኛን አያይም፤ አያቴ «በቃ» እስኪሉም እጁን አይሰበስብም።

አያቴ የመጋዝ ስለትም ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትየ ዘይነብ የምትባል የጋሸና ነጋዴ መጣች። ልጇ አሮጌ ባንድሶ ተክሎ ሥራ ሊጀምር ነው። አያቴ የተጠቀለለ ስለት ከግድግዳው አውርደው ሰጧት።

«አዲስ ነው?» አለች።

«ከአዲስ አያንስም።»

«እኔ አላውቅበትም፤ እርስዎን አምኜ ነው።»

«ልጅሽ ያመሰግነኛል» አሏት።

አያ መኮንን መጥረጊያውን አስቀመጠ። ስለቱን በግራ እጁ ተቀብሏት ወደ በሩ ብርሃን ወሰደና ጎበጥ አደረገው። ከጥርሶቹ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሲከፈት እኔም አየሁት።

«ይሄን አይውሰዱት እትየ» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ሲሠራበት ይበጠሳል። የኔን እጅ የበላው እንዲህ ያለ ነው።»

«አንተስ ጓንት አጥልቀህ ነው አሉ» አለች። ተረቱ ጋሸናም ደርሶ ኖሯል።

«ጓንት ኖሮኝም አያውቅ። መከለያውንም ያወለቁት ጋሼ ናቸው፣ ሥራ ያጓትታል ብለው።»

እትየ ዘይነብ አያቴን ትክ ብላ አየቻቸው። አያቴ ስለቱን ጠቅልለው ወደነበረበት ሰቀሉት። እሷም ሻሿን አስተካክላ ባዶ እጇን ሄደች። አያቴ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ። አያቴ ያንኑ ተረት ጣቱ ከተቆረጠበት ጀመሩት። «ጌታው ለዚያ ጣተ ቢስ አዘነለትና መጥረጊያ ሰጠው» አሉ። «ሰውየው ግን ጣቱ አልበቃ ብሎት ምላሱንም መጋዝ ፊት አቀረበ።» ከዚያም ወደ በሩ ዞሩ። «እስቲ አሳያቸው።»

አያ መኮንን እጁን ከጋቢው አላወጣም።

«አሳያቸው እንጂ።»

«አይተውታል እኮ ጋሼ» አለ።

አያቴ ወደኛ ተመለሱና በዚያው ተረት በሚያወሩበት ለስላሳ ድምፅ፣ «ጌታውም ‹በል እንግዲህ፣ ከነገ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ› አለው» አሉ። ታናሽ ወንድሜ የተረቱ መጨረሻ መስሎት ሳቀ። ከሠራተኞቹ ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። አያ መኮንን ተነሥቶ «ደህና እደሩ» ብሎን ወጣ።

የዚያን ዓመት ክረምት ሲገባ የአያ መኮንንን ልጅ ፋንታዬን ገበያ ላይ አገኘኋት። አብራኝ ትማር ነበር፤ ትምህርቷን ትታ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ስለ አባቷ ብጠይቃት፣ «ቆላ ወርዶ የሰው ማሳ ይጠብቃል» አለችኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን እየደረደረች፣ «አያትሽ ያን ተረት አሁንም ያወራሉ?» አለች።

«ያወራሉ።»

«አባቴ አሁንም ይሳቅበታል በይኛ» አለችና ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

አያቴ ሲሞቱ ለቀስተኛው ሁሉ ተረት አዋቂነታቸውን እያነሣ አለቀሰ። ዛሬ እዚያው ቤት ስለት የምሸጠው እኔ ነኝ። ጓንት እንዳያጠልቁ፣ መከለያውን እንዳያወልቁ ለገዢዎቼ እነግራለሁ፤ ምክሩ እውነት ነውና፤ የወንድሜም የእኔም እጅ የተረፈው በእሱ ነው። ግን እንዲህ ያለ እውነት በአንድ ምስኪን ሰው ላይ በተዋሸ ውሸት ተጠቅልሎ እንደደረሰኝ ሳስብ፣ ከገዢዎቼ አንዱ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ የአያቴን ስም ልጥራ ወይስ የአያ መኮንንን፣ እስካሁን አልቆረጠልኝም።