ዳኛውና የማይምሉት ምስክር

ትናንት ሽሮዬን እያማሰልኩ ከወንድሜ ከአሰፋ ጋር ሬዲዮ ስንሰማ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ማረፋቸው ተነገረ። ስማቸው ሲጠራ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ዘመዴ አይደሉም፤ ያየኋቸውም አንድ ቀን ብቻ ነው።

ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ ገና ያልተዳርኩ ኮረዳ። በታኅሣሥ የጎረቤታችን የገብስ ክምር ተቃጠለና «እጅህ አለበት» ብለው አሰፋን አሰሩት። የድንበር ጠብ ስለነበራቸው ማን ይመነው? እሱ ግን ያን ምሽት ጓሳ ተራራ ላይ ጉም መንገድ አሳስቶት እዚያ በግ ከሚያረቡት ሽማግሌ ከአያ ዘውዴ ጎጆ ነው ያደረው። ይህን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አያ ዘውዴ ደግሞ መሐላ እንደ ሞት ይፈራሉ። በግ ሲሸጡ እንኳ «እግዜርን» አይሉም። የታችኛው ፍርድ ቤት ወንጌል ቢያቀርብላቸው እጃቸውን ሰብስበው «አልምልም» አሉ። «እውነት የያዘ ምን ያስፈራዋል?» ተባለና ቃላቸው ሳይሰማ ቀረ፤ አሰፋም ተፈረደበት። እናቴ እህል አልቀምስ አለች። እኔማ ሽማግሌውን በዓይኔ ማየት ጠላሁ። እሳቸው ይጸድቁ ተብሎ ወንድሜ እስር ቤት ይበስብስ እንዴ!

ይግባኝ አልን። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተዘዋዋሪ ችሎት ከተማ የመጣ ዕለት በሶና ቆሎ ቋጥረን፣ አያ ዘውዴን ይዘን፣ ውርጩ ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ጓሳን አቋርጠን ወረድን።

«አያ፣ ዛሬስ ይምላሉ?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ከነፍሴ አታጣዪኝ» አሉ። ተናድጄ ቀድሜያቸው ወረድኩ።

ዳኛው ሲገቡ ሁላችንም ብድግ አልን። ብርዱ የጠናባቸው፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ወንጌሉ ቀረበ። አያ ዘውዴ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ለምን አይምሉም አባቴ?» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ‹ከቶ አትማሉ› የሚለውን መጽሐፍ ይዤ እንዴት ልማል?»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «መጽሐፉን አንሡላቸው» አሉ። «ሕጉ ለማይምልም ሰው ቦታ አለው። አባቴ፣ እውነቱን ሊናገሩ ቃል ይገቡልኛል?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?» አሉና ጀመሩ። ጉሙን፣ አሰፋ ምድጃው ላይ ኩበት መጨመሩን፣ የተካፈሉትን ቂጣ ሳይቀር ተናገሩ። ዐቃቤ ሕጉ ቢያገላብጣቸው ፍንክች አላሉም።

ከቀትር በኋላ አሰፋ በነጻ ተለቀቀ። እሰይ! እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ፖሊሱ እንኳ ዝም በይ አላላትም። እኔ አያ ዘውዴ ጉልበት ላይ ተደፋሁ። «ተነሺ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ስንመለስ ዳገቱም አልታወቀን፤ ያ ጠዋት አልዋጥ ያለኝ ቆሎ እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

ዳኛው በዕድሜያቸው ብዙ ትልልቅ ነገር ፈርደው ይሆናል፤ ሬዲዮውም ዘረዘረ። እኔ የማውቀው ግን፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ ዝም ብለው መስማታቸውን ነው።

ማማሰያዬን ላነሣ ጎንበስ ስል፣ አሰፋ ምርኩዙን ይዞ ቀስ እያለ ቆመ፤ ጋቢውንም ከራሱ ላይ አወረደ።

«ምን ሆንክ ደግሞ?» አልኩት።

«ዳኛው እየወጡ አይደል? ተነሺ እንጂ!»

እኔም ሽሮውን ትቼ ቆምኩ።