የላባውን አጥንት አይንኩት

ያኔ ሰውዬውን አንቱ እለው ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ።

ሰቆጣ ውስጥ እንጨት ሥራ ተምሬ የተመረቅሁ ሴት ነኝ። መጀመሪያ ወንበርና የአልጋ ራስጌ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጡ። የማጥመጃ ዘንጋቸው መያዣው ላይ ተሰንጥቆ መዳፋቸውን ልጦታል። ከወይራ እጀታ ጠርቤ ገጠምኩላቸው። በሌላ ጊዜ ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጅግራ ላባ ይዘውልኝ መጡ።

“ውኃው ዳር ወድቆ አገኘሁት። ደስ ሲለኝ ጊዜ ላንቺ ያዝኩት” አሉኝ።

ላባው ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። እጀታው ውስጥ ብቀብረውስ ብዬ አሰብኩ። ላባውን በሳሙና አጠብኩት፤ ወይራውን በላባው ቅርጽ ስስ አድርጌ ፈለፈልኩና ቫርኒሽ ቀባሁት፤ ሊደርቅ ሲል ላባውን አስተኛሁበት። ጣቴን ሳነሣ አብሮ ተነሥቶ ቆመ። ደገምኩ፤ አሁንም ተነሣ። የሚያስነሣው መሃሉ ላይ ያለው አጥንት መሆኑን፣ ከጀርባው በምላጭ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ መፋቅ እንዳለበት እስክረዳ ድረስ ክረምት ገብቶ ወጣ። ስንት ላባ አበላሸሁ፤ ስንቴስ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። ሲሳካልኝ ግን በላዩ ላይ ቫርኒሹን ደራርቤ ቀብቼ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰው ላባው በጠራ ውኃ ሥር የተኛ መሰለ። ሽማግሌው እጀታውን ሲያዩ መጀመሪያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ነው የተቀበሉኝ።

አንቱታውን የነሳሁት ሰውዬ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነበር። ሥራዬን አጥማጆቹ እጅ ላይ አይቶ ሱቄ ድረስ መጣ።

“ባሕር ዳር ኤግዚቢሽን አለ። ስድስት እጀታ ስጪኝ፤ ሥራሽን አገር ይየው” አለኝ።

እንዳይጫጫርብኝ በራሴ ነጠላ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ደስታዬን አልደብቅም፤ ለእናቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለማውቀው ሁሉ አውርቻለሁ።

ከቀናት በኋላ ቁርስ ቤት ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለ። የኔን እጀታ ይዟል። “ይህ ዘዴ ከብዙ ድካምና ምርምር በኋላ ያገኘሁት ነው” እያለ ያብራራል። የምስክር ወረቀትም ሰጡት። አጠገቤ የነበረች ጎረቤቴ “ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ?” አለችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ከፍዬ ወጣሁ።

ሲመለስ ቢሮው ሄድኩ።

“ስሜን ለምን አላነሡም?”

ሳቀ። “አይዞሽ፣ ሁላችንም ለአንድ አገር ነው የምንሠራው። ደግሞ የሴት እጅ ነው ብል ማን ያምነኛል?”

የመጀመሪያውን እተወው ነበር። ስለ ሴት እጅ ያለውን ግን ይዤው ወጣሁ። እንጨት ስጠርብ እሱን እጠርባለሁ፤ ምስማር ስመታ እሱን እመታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ቃሉን እደግመዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፤ የኔም እንደዚያው ነበር።

ቀጣዩ ክረምት አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ። ድምፁ ለስልሷል።

“እህቴ፣ ነገ በኤግዚቢሽኑ ያዩኝ እንግዶች ይመጣሉ። ሐይቁ ዳር አሠራሩን እንዳሳያቸው ይፈልጋሉ። እስቲ አንዴ አሳዪኝ።”

አሳየሁት። አስተጣጠቡንም፣ አፈለፋፈሉንም፣ ላባው ቫርኒሹ ላይ መቼ እንደሚተኛም አልደበቅሁም። ላባውን አንሥቶ በጣቱ ዳሰሰው።

“ይህ አጥንት አልወፈረም?”

ዓይን ዓይኑን አየሁት። “አጥንቱን አይንኩት። የላባው ጥንካሬ እሱ ነው።”

ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

በማግሥቱ ምላጬን በቦርሳዬ ይዤ በሚኒባስ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ድንኳን ተጥሏል፤ እንግዶቹ ከፊት፣ አጥማጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ብዙ ካወራ በኋላ ላባውን እጀታው ላይ አስተኛና በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሣ ላባው አብሮት ተነሣ። እንደገና ተጫነው፤ እንደገና ተነሣ። በሦስተኛው ላባው ተቀደደ፤ ቫርኒሹ የሸሚዙ እጅጌ ላይ ተለጠፈ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አንድም ነገር እንዳያመልጠኝ ነበር የማየው።

ሽማግሌው አጥማጅ ብድግ አሉ። “ባለሙያዋ እያለች ምን ያደክማችኋል? የኛን ዘንግ የምታስጌጠው ይቺ ልጅ አይደለችም ወይ?”

ከእንግዶቹ አንዷ ወደኔ ዞረች። “እውነት ነው?”

“እውነት ነው” አልኩና ወደ ፊት ወጥቼ እጀታው ፊት ተቀመጥኩ። አዲስ ላባ አነሣሁ፤ ምላጬን አውጥቼ አጥንቱን ከጀርባው ፋቅሁት። ቀስ ብዬ፣ እሱ በደንብ እንዲያይ። ከዚያ አስተኛሁት። ተኛ።

ሰውዬው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። “አጥንቱን አይንኩት ብለሽኝ አልነበረም?”

“ጮክ ብለው ይናገሩት፤ እንግዶቹም ይስሙ” አልኩት።

አልተናገረም። እንዴት ይናገር? ራሴ አገኘሁት ያለውን ነገር ትናንት ከኔ እንደተማረው ሊመሰክር ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እንግዶቹ ስሜን መዝግበው ሄዱ፤ አሁን ሥራዬ በስሜ ይታወቃል። እናቴ ግን ነገሩን ስነግራት ደስ አላላትም። ስትቆጣ አማርኛውን ትታ በኸምጣንጋ ነው የምትናገረው።

“በደለሽ፣ አዋረድሽው፤ ይሁን” አለችኝ። “ግን ያስተማርሽውን ሰው ዋሸሽ። ሙያ አይዋሽበትም።”

እውነቷን ነው። ሌላ ሰው ሊማር ሲመጣ ዛሬም መጀመሪያ የማሳየው አጥንቱን ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሰውዬው ደወለ። ቁጥሩን አላጠፋሁትም ነበርና አወቅሁት፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ እስኪቆም አላነሣሁትም። ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው “ይቅር በይው፣ ለራስሽ ስትይ” አሉኝ።

“አባ፣ ዛሬ ይቅር ብዬዋለሁ ብልዎ እዋሽዎታለሁ” አልኳቸው።

መስቀላቸውን አሳለሙኝ።