ፊተኛው ሲጣራ

በነገሌ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የመጋዘን ቁልፍ ሰጡኝና፣ «ኳሱን የሚፈልግ ሞልቷል፤ ብስክሌቱን ግን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። አንተ ያዘው» አሉኝ። መጋዘኑን ስከፍት ጎማቸው የተነፈሰ፣ ካቴናቸው የዛገ፣ ኮርሳ የሚባሉ የውድድር ብስክሌቶች ግድግዳ ተደግፈው አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ በናፍጣ ሳጥባቸው ዋልኩ። በማግስቱ የብስክሌት ባለሙያ ተብዬ ተመደብኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ መደብ አልተነቃነቅሁም።

ብስክሌት ከሩቅ ለሚያየው እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚሮጥበት ስፖርት ይመስላል። በእኛ ቆላ ግን ነፋሱን የሚያቆመው ዛፍ የለም። ፊት ያለው ተወዳዳሪ ነፋሱን በደረቱ ይሰብራል፤ ከኋላው የተጠጋው ጉልበቱን ይቆጥባል። ቡድኑ የሚደክመው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው አምበል ይባላል።

የኋለኛው ሰው ከፊቱ ካለው ጎማ በቀር መንገዱን አያይም። ስለዚህ ፊተኛው ይጣራል፤ «ጉድጓድ»፣ «አሸዋ»፣ «ግመል» ይላል። ኋለኛው መስማቱን ያረጋግጣል። የቦረና ልጆች «ናጋ» ብለው ይመልሱ ነበር፤ ደኅና ነው፣ ሰምቻለሁ ለማለት። ቆይቶ ከከተማው ጦር ሰፈር የሚመጡት ልጆችም ለመዱት፤ የቡድናችን ደንብ ሆነ።

የመጀመሪያው አምበላችን ገዛኸኝ ነበር። የአምሳ አለቃ ልጅ ነው፤ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ተወልዶ ያደገ። ከልምምድ በፊት የራሱን ፍሬን ሳያይ የሌሎቹን ይፈትሽ ነበር። ቸርኬ የተጣመመበት ልጅ ወደ እኔ ሳይመጣ ወደ እሱ ይሄድ ነበር።

ጃርሶን ያመጣውም እሱ ነው። ጃርሶ የዱብሉቅ አካባቢ ልጅ ሲሆን ነገሌ የመጣው አጎቱ ቤት ሆኖ ለመማር ነው። ገዛኸኝ የራሱን ጫማ ሰጠው፣ ኮርቻውን በቁመቱ ልክ አስተካከለለት፣ ነፋስ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ አስተማረው። አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ ገዛኸኝ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ «ጋሼ፣ ይህ ልጅ ከእኔ ይበልጣል። ግን ገና አልነገርኩትም» አለኝ።

«መቼ ልትነግረው ነው?»

«ጫማዬን ሲመልስልኝ» ብሎ ሳቀ።

ጃርሶ ራሱ ደረሰበት። ያቤሎ ላይ በተደረገ ውድድር ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ የመጨረሻው ዳገት ላይ ጃርሶ ለአምበሉ ነፋስ ይሰብራል፣ ገዛኸኝ ቀድሞ ይገባል። ዳገቱ ላይ ገዛኸኝ ደከመ። ጃርሶ አንዴ ዞር ብሎ አየው፤ አልጠበቀውም። ብቻውን ገብቶ አሸነፈ።

ገዛኸኝ ሲደርስ ከብስክሌቱ ሳይወርድ፣ «ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» አለው።

«እግሬ አልቆም አለኝ።»

«እግርህን እኮ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልመልስልህ?»

አጠገባቸው የነበሩት ልጆች ሳቁ። ነገሩ የተበላሸው ከውድድሩ ይልቅ በዚያ ሳቅ ይመስለኛል።

ኃላፊው በሳምንቱ ጠሩኝ። «የሚያሸንፈው እያለ የሚሸነፈው አምበል የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?» አሉኝ። አምበልነት የእግር ብቻ እንዳልሆነ፣ ቡድኑን አንድ ያደረገው ገዛኸኝ መሆኑን አስረዳሁ። በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ ጃርሶ አምበል እንዲሆን ወሰኑ። ውሳኔውን ለልጆቹ የነገርኩት እኔ ነኝ። ገዛኸኝ፣ «እሺ ጋሼ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተኳረፉ። ልምምድ አላቋረጡም፤ አንዳቸውም ሥራቸውን አልበደሉም። ገዛኸኝ ለቀድሞ ተማሪው ነፋስ ይሰብር ነበር፤ እንደ እሱ አድርጎ የሚሰብርም አልነበረም። መነጋገር ብቻ ቀረ። የገዛኸኝን አባትና የጃርሶን አጎት ይዤ አስታረቅኋቸው። እኛን ለማክበር ተጨባበጡ፤ ከግቢው ሲወጡ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሄደ።

በመካከላቸው የሚሄደው ቦሩ ነበር፤ ቀልደኛና ታማኝ ልጅ። መልእክቱ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፍ ጀመር። ገዛኸኝ እንዲህ ይለዋል፦

«ቦሩ፣ ኮርቻው ዝቅ ብሏል በለው።»

«እሱ ጆሮ የለውም እንዴ? አጠገብህ ነው ያለው።»

«ንገረው ብያለሁ።»

«እኔ የስልክ ቤት ነኝ? ከነገ ጀምሮ ሳንቲም ሳትከፍሉ አላገናኝም።»

እንስቅ ነበር። መንገድ ላይም እንደዚሁ ሆነ። ገዛኸኝ ከፊት «ጉድጓድ» ሲል ቦሩ ከመሃል «ናጋ» ብሎ ይመልሳል፤ ቀጥሎ ዞር ሳይል ለጃርሶ፣ «ጉድጓድ ነው አምበሌ» ይለዋል። ጥሪው ይደርስ ነበር፤ መልስም ይሰማ ነበር።

በዓመቱ ከዱብሉቅ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ትልቅ ውድድር ተዘጋጀ። ደመወዝ ከሚከፍሉ የአዲስ አበባ ክለቦች አንዱ ተወካዩን ልኮ ነበር፤ ከቆላው ተወዳዳሪዎች አንድ ሰው ብቻ ይወስዳል። ልጆቹ ይህን ያውቁ ነበር። በቡድናችን ዕቅድ መሠረት ቀድሞ የሚገባው ጃርሶ ነው፤ ገዛኸኝ እስከ መጨረሻው ነፋስ ይሰብርለታል። ገዛኸኝ ትእዛዙን ሲሰማ ወደ ጃርሶ ሳይሆን ወደ ቦሩ ዞሮ፣ «ከጎማዬ እንዳይርቅ በለው» አለ።

ሦስቱ ከተወዳዳሪው ጅምላ አፈትልከው ወጡ። ከኋላ በፒካፕ እከተላቸው ነበር። ከዱብሉቅ ጥቂት እንዳለፍን የቦሩ ጎማ ፈነዳ። ቸርኬ ልቀይርለት ቆምኩ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀጠሉ።

የጭነት መኪና ሲበላሽ ሾፌሮች ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ፤ ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ቦሩን አስነስተን ስንደርስ ጃርሶ እንዲህ ካለው ድንጋይ አጠገብ ወድቆ ነበር። ገዛኸኝ ብስክሌቱን ጥሎ ተመልሷል፤ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ የጃርሶን ራስ በጭኑ ይዟል። ጅምላው በአጠገባችን አለፈ። ክለቡ ያን ቀን የሌላ ዞን ልጅ ወሰደ።

የጃርሶ የታፋ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ተገጠመ፤ ነገር ግን አንዱ እግሩ አጠረ፤ በምርኩዝ መሄድ ግድ ሆነበት። ሆስፒታል ሄጄ፣ «ገዛኸኝ አልተጣራም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ምንም አልሰማሁም ጋሼ» አለኝ።

ገዛኸኝ ለጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ሲያስረዳ፣ «ተጣርቻለሁ። መልስ ግን አልጠበቅሁም፤ የሚመልሰው ሁልጊዜ ቦሩ ነበር» አለ። ኃላፊው፣ «ቦሩ እኮ አልነበረም» አሉት። «አዎ፣ አልነበረም» አለ። ነገሩ እስኪጣራ ተብሎ ከቡድኑ ታገደ። ያጣራው ሰው የለም።

«አልሰማሁም» የሚለው ቃል ከተማ ውስጥ ሲዞር «አልተጣራም» ሆነ። ቀንቶ አስጣለው ተባለ። ተመልሶ ማንሳቱን የሚያውቁትም፣ «ሥራው አስደንግጦት ነው» አሉ። የገዛኸኝ እናት ወይዘሮ በላይነሽ ገበያ ስትሄድ ከኋላዋ ይንሾካሾኩ ነበር። ገዛኸኝ ለማንም መልስ ሳይሰጥ ዶሎ ኦዶ ወረደ፤ ለስደተኞች ጣቢያ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ሾፌር ሆነ። ለዓመት በዓል እንኳ እምብዛም አይመጣም ነበር።

በሥራ ጉዳይ ዶሎ ወርጄ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ከስቷል፤ በአክብሮት ተቀብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ሲሸኘኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ያምኑኛል?» አለ።

«አምንሃለሁ።»

«እርስዎ እኮ አልነበሩም። ያን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወባ ይዞት ሞተ። አስከሬኑ ወደ ነገሌ መጥቶ ተቀበረ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እናቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ጃርሶ ምርኩዙን ይዞ ገባ። ጸጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል።

ጃርሶ ፊቷ ቆመ። «እማማ፣ ያን ቀን ገዛኸኝ ተጣርቶ ነበር» አለ። «‹ድንጋይ› ብሏል። በጆሮዬ ገብቷል። ዓመት ሙሉ የእሱን ድምፅ እንዳልሰማ ሰው ማለፍ ለምጄ ነበር፤ ቦሩ እስኪነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ወይዘሮ በላይነሽ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ዶሎ ያን ያህል ሩቅ ነው ወይ ልጄ?» አለችው።

ጃርሶ ወደ በሩ ዞረ። ከድንኳኑ ሊወጣ ሲል፣ «ቁጭ በል፤ እግርህን ያምሃል» አለችው። እስኪመሽ አጠገቧ ተቀመጠ።

ከቀብሩ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሠራሁባቸው ዓመታት በቡድናችን ደንብ ላይ ሁለት ነገር ጨመርኩ። የተኳረፉ ተወዳዳሪዎች ተከታትለው አይሰለፉም። ፊተኛው ከተጣራ በኋላ «ናጋ» የሚል መልስ ከኋለኛው ሰው ከራሱ አፍ ካልሰማ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ደግሞ ይጣራል። በዚህ ምክንያት ውድድር የተሸነፍንባቸው ቀናት አሉ። ደንቡን አልለወጥኩም፤ ከእኔ በኋላ የመጣው ባለሙያም አልለወጠውም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምተወው ይህንኑ ነው። መልስ ያልተሰማበት ጥሪ እንዳልተጠራ ይቆጠር።