የጌትነት ግራ ጉልበት

ያችን ኮረብታ ድንጋይና ደረቅ ሳር ብቻ ነው የሸፈናት፤ ዛፍ የሚባል የለባትም። ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር። ነገ ጎህ ሲቀድ እንይዛታለን ተባለ።

መቶ አለቃው ለብቻዬ ጠራኝ። «የአንድ ከተማ ልጆችን ለያያቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል» አለኝ። እኔ አስር አለቃ ነበርኩ፤ «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

በምመራው ጓድ ውስጥ አራት የቆሰበር ልጆች ነበሩ። አራቱም የከተማቸው እግር ኳስ ቡድን ተከላካዮች ናቸው። ደሞዝ የለ፣ ምን የለ! አዘቦት ባጃጅ ይነዳሉ፣ ድንች ይነግዳሉ፣ እሁድ ይጫወታሉ። አለቃቸው ጌትነት ይባላል። ስምንት ዓመት ተጫውቶ አንድም ጎል አላገባም። «የኔ ሥራ ሰው እንዳያልፍ ነው» ይል ነበር። ሦስቱ ዓይናቸው ከሱ አይነቀልም፤ ወደፊት ሲወጣ ይወጣሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። እኔ የዳንግላ አጥቂ ስለነበርኩ አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ስንቴ ከጨዋታ ውጪ አድርገው አንጨርጭረውኛል!

አንድ እሁድ ንዴቴ ገነፈለና የጌትነትን ግራ ጉልበት መታሁት። ሆን ብዬ ነው፣ አልዋሽም። ሦስት ወር አነከሰ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ይከዳዋል፤ ለውትድርና ሲመዘገብ ደበቀው። ግንባር ስንገናኝ ግን «አንተ ጉልበት ሰባሪ!» ብሎ አቀፈኝ።

ትእዛዙ የደረሰን ዕለት አመሻሽ ላይ ጌትነት መጣ። «አስር አለቃ፣ አደራህን እንዳትለያየን። ልጆቹን እመልሳለሁ ብዬ ለእናቶቻቸው ቃል ገብቻለሁ። ከአጠገቤ ካልሆኑ እንዴት አድርጌ እጠብቃቸዋለሁ?» አለኝ።

ጉልበቱን አየሁና አፈርኩ። «በቃ፣ አብራችሁ ናችሁ» አልኩት።

ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል ላይ ተነሳን። እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ጸጥ ያለ ነበር። ከዚያ መትረየስ ከጎን ከፈተብን። «ሩጡ! ወደ ድንጋዩ!» አልኩ። ሃያ እርምጃ ቢቀረን ነው። ሮጥን። የጌትነት ጉልበት ከዳውና ተንበረከከ።

ሦስቱ ቆሙ።

ወይኔ ልጆቼ! ገላጣው ዳገት ላይ ቀጥ ብለው፣ አንገታቸውን ወደ ጌትነት አዙረው፣ እስኪነሳ ጠበቁት። «ሂዱ! ጥላችሁኝ ሂዱ!» ብሎ ጮኸ። እኔም «ተኙ!» አልኩ። መትረየሱ ከዳር እስከ ዳር አጨዳቸው። በተንበረከከው ሰው ራስ ላይ አልፎ ሄደ።

ረፋድ ላይ ኮረብታዋን ያዝን። ከሰዓት በኋላ ልቀቁ ተባልን፣ ለቀቅን።

ሙታናችንን ቆጠርን። ከአስራ አንዳችን አምስት። ሦስቱ በገመድ የተለኩ ይመስል ጎን ለጎን ነበሩ። ጌትነት የሁለቱን ዓይን በእጁ ከደነ። ሦስተኛው የሚከደን ዓይን አልነበረውም፤ በኮቱ ሸፈነው።

እናንተ ልጆች ጀግንነት አውራን ትሉኛላችሁ። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ዛሬ ጌትነት እዚያው ቆሰበር ባጃጅ ይነዳል። ከሟቾቹ እናቶች የአንዷ ቤት አስፋልቱ ዳር ስለሆነ፣ በደጇ ላለማለፍ በጭቃው ይዞራል። በቀደም አሳፍሮኝ ሲሄድ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ምነው ያኔ ሁለቱንም ጉልበቴን በሰበርክልኝ ኖሮ! አልዘምትም ነበር። እነሱም የሚጠብቁት ሰው አይኖራቸውም ነበር» አለኝ።

ልቅሶ ላይ ለእናቶቹ የተናገረው እሱ ነው። «በኔ ምክንያት ነው የቆሙት፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አንዷም አላነሳችውም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

መቶ አለቃው ለያያቸው ብሎኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።