የጆንያው ሐይቅ ሸክላ

ጋቶኒ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ልጁ ግን እስካሁን ስም የለውም። ስም ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ! በእኛ በኪኩዩዎቹ ዘንድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት፤ አለቀ። በኩሯ በባሏ አባት ሙቺሪ ተብሏል። ይሄኛው ደግሞ በአባቷ ጊቺንጋ መባል ነበረበት። እምቢ ያለችው አማቷ ንዱታ ናት።

«የዚያ የጆንያ ለባሽ ስም በእኔ ቤት አይጠራም! ሌላ ፈልጊለት።»

ይህችው ንዱታ ትልቁን ልጅ ስታይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። የሟች ባሏ ስም ስለወጣለት፣ እንደ ወጉ «ባሌ» ነው የምትለው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ገና ከአጥሩ ጀምራ፣ «ባሌ መጣ! ለባሌ ስኳር ድንች አቅርቡ!» እያለች ቤቱን ታቀልጠዋለች። ልጁም ደረቱን ነፍቶ ይገባል።

የጆንያው ነገር ነጮቹ አገራችንን በገዙበት ዘመን የሆነ ነው። ወታደሮቹ የመንደሩን ሰው ወንድ ሴት ሳይሉ ከጫካው ሐይቅ ዳር ያሰልፉትና፣ ዓይኑ ጋ ብቻ የተቀደደ ጆንያ ያጠለቀ ሰው በፊቱ ያልፋል። ጆንያው ራሱን የነቀነቀበት ሰው የጫካ ሸማቂ ወዳጅ ነው ተብሎ አበቃለት፤ ተወስዶ አይመለስም። በዚያው ሰሞን የጋቶኒ አባት ጠፋ። ሰው ምን ቸገረው? «ጆንያ ለባሹ ጊቺንጋ ነበር፤ የነጮቹን አረቄ ጠጥቶ በስካር ሐይቅ ገባ» አለና ተገላገለ። ዝናብ ጥሎ ሐይቁ ሲሞላ ጆንያው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይነቀንቃል፣ የነቀነቀበትም ሰው ለከርሞ አይደርስም ይባላል። ጋቶኒ ያደገችው ከኋላዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ በሚያላግጡ ልጆች መሃል ነው።

በበጋ ሐይቁ ይደርቃል። ያኔ ሴቶቹ ወርደው የሸክላ ጭቃ ይቆፍራሉ፤ ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። እዚያ ካለው ሾላ ዛፍ በታች አጥንት እንዳለ ሁሉም ያውቃሉ። ዶማቸው ሲነካው አፈር መልሰው ይሸሻሉ። የሙት አጥንት የነካ እጅ ርኩስ ነው፤ ፍየል ታርዶ ሳይነጻ ጭቃ ቢያቦካ ማሰሮው ሁሉ እሳት ላይ ይፈነዳል። ነጮቹ ከሄዱ ሃያ ዓመት አልፏል፤ አንዲት ሴት እንኳ ጎንበስ ብላ አላየችም። ወይ ጉድ! ዙሪያውን እየቆፈሩ ድስት ሠሩበት።

በዚያ ጠዋትም እየተሳሳቁ ወረዱ፤ ንዱታም አብራቸው ነበረች። ቀልደኛዋ ዋንጌቺ ጋቶኒ ያዘለችውን ሕፃን ነካ አድርጋ፣ «የሙቺሪ እናት፣ ይሄን ልጅ ‹አንተ› እያልነው ሊለምደው ነው እኮ!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ጋቶኒ አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ወደ ሾላው ሄደች።

«ልጄን ያዢልኝ» አለቻት ዋንጌቺን።

«ምን ልታደርጊ?»

«አባቴ እዚህ ከሆነ ላየው። ሰክሮ ከሆነም ሰክሮ።»

ዶማዋ አጥንት ነክቶ ቋ አለ። «ኧረ መልሺው! ምን ነካሽ አንቺ?» እያሉ ሴቶቹ ሕፃኑን ይዘው ወደ ዳር ሸሹ። ጋቶኒ በእጇ ጫረች። ሁለት የእጅ አንጓዎች ወጡ፤ በዛገ ሽቦ አንድ ላይ ተጠፍረዋል። አንደኛው ላይ የተገመደ የመዳብ አምባር አለ። ጊቺንጋ ሁለት አሠርቶ አንዱን ለሚስቱ ሰጥቶ ነበር፤ እሱም ዛሬ የጋቶኒ እጅ ላይ ነው። ሁለቱን አስጠግታ አየች። አንድ ናቸው።

ንዱታ ብቻ አልሸሸችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች።

«እማማ፣ እጁን በሽቦ አስሮ የሚሰክር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ጋቶኒ እንባዋ እየወረደ። «አባቴን አስረው ነው የከተቱት! ታዲያ ጆንያ ለባሹ ማን ነበር?»

አሮጊቷ እየተንፏቀቀች ወረደችና ያንን ሽቦ በእጇ ያዘችው። ጋቶኒ ደነገጠች።

«ጆንያው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር» አለች ንዱታ በቀስታ። «እግር ይታያል። በዋዜማው ከአውራ ጣቱ ሙጃሌ አውጥቼለት፣ ከልብሴ ጫፍ ቀድጄ ጠቅልዬለት ነበር። በነጋታው ተሰልፌ፣ ያ ጨርቅ በፊቴ አለፈ።»

«የማን እግር ነው?»

«የባሌ።»

«ሙቺሪ?» አለች ጋቶኒ።

«ልጆች ነበሩኝ። ሰው ጊቺንጋ ነው ሲል ዝም አልኩ። በኋላማ ዝምታው ቤት ሠራ። የጊቺንጋን ስም በየቀኑ እየሰማሁ እንዴት ልኖር ኖሯል?» ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰችው። «አሁን ጊቺንጋ በይው። እኔም እጠራዋለሁ።»

አፈሩን አብረው መለሱ። ዳር ላይ ለቆሙት ጋቶኒ ስለ ሽቦውና ስለ አምባሩ ብቻ ነገረቻቸው፤ ስለ ጨርቁ ምንም አልተነፈሰችም። ፍየል ታረደ፣ ሁለቱም ነጹ፣ ሕፃኑም ጊቺንጋ ተባለ። ዋንጌቺ እልልታውን አቀለጠችው። ጋቶኒ ልጇን አቅፋ፣ «አባዬ፣ የኔ አባት» እያለች ሳመችው። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ቀን ነበር።

ማታ ላይ ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት መጣ። እንደ ልማዱ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀ። ድምፅ የለም።

«አያቴ፣ ባልሽ መጣ እኮ!» አለ ራሱ።

ንዱታ አጎንብሳ ቦሎቄዋን መልቀም ያዘች። ልጁ ግራ ገብቶት እናቱን አየ። ጋቶኒ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ከተወለደ ጀምሮ በየቀኑ የጠራችው ስም ነው፤ ዛሬ ግን ተወችው።

«ና፣ ልጄ» አለችው።

«ስሜን ረሳሽው እንዴ?» አለ ልጁ።