የዕድሩ ዳኛ እንዳልክ
እንዳልክ አገር ቤት ዳኛ ነበር፤ ፈረንጅ አገር፣ ኦሮራ ከተማ መጥቶ ታክሲ ነጂ ሆነ። ዕድርተኞቹ ግን ሹመቱን አልሻሩበትም፤ እየቀለዱም እያከበሩም «ዳኛው» ይሉታል። እሱ የሚሰማው ክብሩን ብቻ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 የየከተማው ዕድሮች አንድ ኅብረት ሲያቋቁሙ ደንቡን የጻፈው እሱ ነው። በወጣትነቱ ጀርመን አገር ሕግ ተምሯልና፣ «አውሮፓውያን ገበያቸውን አንድ ሲያደርጉ እኛ ለቀብር መስማማት ያቅተናል?» ብሎ ሁሉንም አሳመነ። የኅብረቱ ውሳኔ ከየዕድሩ ደንብ በላይ ነው የሚል አንቀጽም አስገባ።

ብዙም ሳይቆይ ኅብረቱ «አባል በሞተበት ከተማ ይቀበር» ብሎ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። በወሩ የእነ እንዳልክ ዕድር አባል የነበረው ይመር ሞተ። አገር ቤት፣ ቦሩ ሜዳ፣ ከአባቱ ጎን እንዲቀበር ተናዞ ነበር። ዕድርተኞቹ ለቅሶ ቤት ተሰብስበው «አስከሬኑን በራሳችን ወጪ እንላከው» ሲሉ እንዳልክ ተነሣ።

«የበላዩ አካል ዲሳይድ ካደረገ አለቀ። ሕግ ነው!»

ዳኛው ካለ ማን አፉን ይከፍታል? ይመር እዚያው ኦሮራ ተቀበረ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ከኤርፖርት የጫነው ጀርመናዊ ጋዜጣውን ታክሲው ውስጥ ረስቶ ወረደ። እንዳልክ ሃቫና ስትሪት ላይ ፓርክ አድርጎ ገለጠው። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የአውሮፓ ኅብረት ውል ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሏል። ነገር ግን ኅብረቱ ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ ቢወስን ጀርመንን አያስገድድም፤ ማለፍ አለማለፉንም እኛው እንመረምራለን ብሏል።

እንዳልክ ክው አለ። ደግሞ አነበበው። የእነሱ ኅብረት የተቋቋመው ዕድሮችን ለማረዳዳት ነው፤ የሟች ኑዛዜ ይሻር ብሎ ሥልጣን የሰጠው የለም። ይህ እንዴት ተሰወረኝ?

በቀጥታ ፒዮሪያ ስትሪት፣ የይመር ሚስት ዘርፈሽዋል ቤት ሄደ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ተሳስቻለሁ» አላት ጋዜጣውን እንደያዘ። «ኅብረቱ ይህን የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም።»

ዘርፈሽዋል ወንበር ሳበችለት።

«እምቢ ማለት ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር።»

«እናቱ እኮ መቃብር አስቆፍረው ጠብቀዋል። ሕግ ነው ብዬ ነው የጻፍኩላቸው።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«አሁን እርስዎ ይጻፉላቸው።»